ለሁለታችንም እሺ ያለው ዳኛ

እኔ የምለው፣ ዳኛ ሆኖ የሚወደድ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አላጋጠመኝም። ሲፈርድልን ሥራውን ነው የሠራው፣ ምስጋና የለውም። ሲፈርድብን ግን እናቱ ሳትቀር ትነሳለች።

እኔም ብሆን ከዚህ በሽታ ንጹሕ አይደለሁም። ያደግኩት ቁስቋም ነው። እዚያ ኳስ የምንጫወትበት ቦታ ሜዳ ይባላል እንጂ ዳገት ነበር። ቁልቁል የሚያጠቃው ቡድን ያገባል፣ ሽቅብ የሚያጠቃው ያለከልካል። ዳኛው ደግሞ የኳሱ ባለቤት ነው። የጨርቅ ኳስም ቢሆን ባለቤት አለው እኮ። ጎል ሲገባበት "አልገባም" ይላል። ከተከራከርነው ኳሱን ብብቱ ውስጥ ወሽቆ ወደ ቤቱ። ታዲያ ምን እናደርጋለን? ተከትለን እንለምነዋለን። በቃ አልገባም፣ አንተ ያልከው ይሁን፣ ና እንጫወት እንለዋለን። እንግዲህ ስለ ፍትሕ መጀመሪያ የተማርኩት እዚያ ዳገት ላይ ነው። ቀሪውን ትምህርቴን ስታዲየም ውስጥ ስጮህ ጨረስኩት። ከእንዲህ ያለ ሰው ምን ትጠብቃላችሁ?

ይህን ሁሉ የምለፈልፈው የሠራሁትን ጉድ ለመናገር አፍሬ ነው። እሺ፣ ልናገር።

ልጄ ሜሮን ትባላለች፣ ዘጠነኛ ክፍል ናት። እኔ ሸማኔ ነኝ፤ አሁን እንኳ ሽሮ ሜዳ ሱቅ ከፍቼ ጋቢና ነጠላ እሸጣለሁ እንጂ ዕድሜዬን የፈጀሁት መወርወሪያ ስወረውር ነው። ልጄ ግን ከክር ይልቅ ሽቦ ወደደች። አንድ ሰሞን የእናቷ የፕላስቲክ ምሳ ዕቃ ጠፋ። ጎረቤት ስንጠረጥር ከረምን። በኋላ አራት ጎማ አብቅሎ ሳሎናችን ውስጥ ሲሄድ አገኘነው።

"ሮቦት ነው" አለች። ሮቦት ሲባል እኔ የማውቀው እጅና እግር ያለው፣ እየተገተረ የሚራመድ የብረት ሰውዬ ነበር። ይኼ ምሳ ዕቃ ነው። ያውም አካሄዱ ቀስ፣ ቀስ፣ ቀስ። ከጓደኞቿ ጋር ሆነው ስም አወጡለት፣ እንቁላል። ለምን እንቁላል ብዬ ብጠይቅ፣ ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል ተብሎ የለ እንዴ አሉኝ። ተረቱን ማወቃቸው ደስ አለኝ። እናቷ ግን አልሳቀችም፤ ምሳ ዕቃው ክዳኑ የሚገጥም ጥሩ ዕቃ ነበር።

ታዲያ የአካባቢው ትምህርት ቤቶች የሮቦት ውድድር ደረሰ። ያሸነፈው ቡድን ከተማ አቀፉ ውድድር ላይ ይሄዳል። ሜሮን ክረምቱን ሙሉ ሌላ ወሬ አልነበራትም። እንጀራ በእጇ ይዛ "እዚያ ብንደርስ እኮ አባዬ" ትላለች፤ ወጡ ይቀዘቅዛል። አንድ ልጅ አንድ ነገር እንዲህ ሲፈልግ አይታችሁ እንደሆነ ሆድ ያባባል። እኔም ከሷ ብሼ ቁጭ አልኩ።

ውድድሩ እንዲህ ነው። የትምህርት ቤት አዳራሽ ወለል ላይ ነጭ ሸራ ይነጠፋል፣ ሸራው ላይ ጥቁር መስመር አለ። ሮቦቱ ማንም ሳይነካው መስመሩን ተከትሎ ሄዶ፣ ባዶ የቲማቲም ድልህ ጣሳ እየገፋ መጨረሻው ላይ ያለ ካሬ ውስጥ ያስገባል። ከዚያ እሱም እዚያው ካሬ ውስጥ ይቆማል። ሲቆም አራቱም ጎማ ከካሬው መስመር ውስጥ መሆን አለበት። አንዱ ጎማ መስመሩን ከነካ የማቆሚያው ነጥብ ቀረ ማለት ነው። ደንቡ ይኸው ነው፣ ሸማኔም ይገባዋል።

ለመጨረሻው ዙር የእኛዎቹና ከጳውሎስ ሰፈር በኩል የመጡ ልጆች ቀረቡ። የጳውሎሶቹ ቀድመው ተራቸውን ጨረሱ፣ ነጥባቸውም ተጻፈ። እንቁላል ጣሳውን አስገብቶ በትክክል ከቆመ የእኛ ናቸው አሸናፊዎቹ። እንቁላል ተነሳ። ቀስ። ቀስ። ጣሳውን ገፋ። አስገባ። ቆመ። እኔ ወንበር ላይ ወጥቻለሁ፤ መቼ እንደወጣሁ አላውቅም።

ዳኛው ናሆም የሚባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፣ ፊሽካ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ቀጭን ልጅ። ተንበረከከ። ጉንጩን ወለሉ ላይ አስተኝቶ አየ። ዞሮ በሌላ በኩል አየ። ከዚያ ተነሳና የኋላው ግራ ጎማ መስመሩን ነክቷል፣ የማቆሚያው ነጥብ የለም አለ። በዚያች ነጥብ ተሸነፍን።

እዚህ ላይ የምናዘዘው አለኝ። እኔ አይቻለሁ። ሸማኔ ነኝ እኮ፣ አንዲት ክር ከቦታዋ ብትወጣ ከማዶ ሆኜ ነው የማየው። ጎማው መስመሩ ላይ ነበር። የጥፍር ያህል ነው፣ ግን ነበር። አየሁና እንዳላየሁ ሆንኩ። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ይባል የለ? ከዚያ አፌ ቀደመኝ፤ "ዳኛው ሌባ!" አልኩ።

ስታዲየም ቢሆን አጠገቤ ያለው ሁሉ ይቀበለኝ ነበር። አዳራሹ ውስጥ ግን የተቀበለኝ አንድ ሰው የለም። ናሆም ቀና ብሎ አየኝ። በትሕትና "አባቴ፣ ይምጡና ይዩት" አለኝ። ምኑን ልየው? አይቼዋለሁ እኮ። ከዚህም ይታየኛል ብዬ ከወንበሩ ወረድኩ። ሜሮን ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍናለች። እኔ በሽንፈቱ መስሎኝ ይባስ ነደደኝ።

ጩኸት አልሠራም። ታዲያ ምን ቀረ? ሽምግልና ነዋ። እንዳጋጣሚ የዕድራችን ሊቀመንበር ጋሽ ተካልኝ የልጅ ልጃቸውን ሊያዩ መጥተው ነበር። ባለሱቁ ሐጂ ሰይድም አሉ፤ ልጃቸው ሐያት ከሜሮን ጋር አንድ ቡድን ናት። ከእኔ ጋር ሦስት ሆንን። ሦስት ሰው ከተገኘ ደግሞ የእኛ ሰው ምን የማያስታርቀው አለ?

መቼም ሥርዓቱን ታውቁታላችሁ። ሽማግሌ ሆኖ የሄደ ሰው እሺ ሳይባል አይቀመጥም። ወንበር ይቀርብለታል፣ "የመጣንበት ሳይፈጸም አንቀመጥም" ይላል። አንድ ጊዜ ከጋሽ ተካልኝ ጋር ልጅ ልንጠይቅ ሄደን የልጅቷ አባት አሻፈረኝ አሉ። ቆምን። እሳቸውም ዝም፣ እኛም ዝም። ጋሽ ተካልኝ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ እየቆየ እግራቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሰውየው እግሩን አዩ፣ አዩ፣ በመጨረሻ "ኧረ በእግዚአብሔር ይቀመጡ፣ ሰጥቻለሁ" አሉ። ዛሬ ሙሽሮቹ ሦስት ልጆች ወልደዋል። ጋሽ ተካልኝ እነዚያን ልጆች ባዩ ቁጥር ጉልበታቸውን ያሻሻሉ።

እናም ናሆም ውጤት ወደሚጽፍበት ጠረጴዛ ሄድን። ልጁ ሲያየን ብድግ አለ፣ ሦስት ወንበር አቀረበ። አንቀመጥም አልነው። ግራ ገባው። ደንቡ የታተመበትን ወረቀት አውጥቶ አነበበልን። ጋሽ ተካልኝ በጥሞና ሰምተው ሲያበቁ፣ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፣ አንተ ግን ሞኝ አይደለህም ልጄ፣ ይህችን ታህል ነገር ለሽበታችን ስትል ተዋት አሉት። ሐጂ ሰይድም አላህ ይወድልሃል፣ ልጆቹ ተስፋ እንዳይቆርጡ ብለው ጨመሩ። ሌባ ብዬ የሰደብኩት እኔ ደግሞ አንገቴን ደፍቼ ቆሜያለሁ። ልጁ አላበው። አንዴ ወረቀቱን ያያል፣ አንዴ የጋሽ ተካልኝን እግር። በደንብ ያሳደጉት ልጅ ነው፣ ምን ያድርግ? "እሺ፣ እሺ አባቶቼ፣ ብቻ ቁጭ በሉ" አለ። ተቀመጥን። መረቅነው። እደግ፣ ተመንደግ አልነው።

የጳውሎሶቹ ወላጆች እጃቸውን አጣጥፈው የሚያዩ መሰላችሁ? እነሱም አገራቸው ይኸው ነው፣ ሽምግልና ያውቃሉ። እትዬ አስካለ የሚባሉ፣ ጳውሎስ ካፌ ያላቸው ሴትዮ ሁለት ሰው አስከትለው መጡ። ናሆም ወንበር አቀረበ። እትዬ አስካለ "እኛም አንቀመጥም" አሉ። እንደ እናትህ ቁጠረኝ፣ ልጆቼን እንባ አታራጭብኝ አሉት። ልጁ እኛን አየ፣ እነሱን አየ። ለእነሱም እሺ አለ። ተቀመጡ። መረቁት።

እንግዲህ ሁለታችንም አሸነፍን ማለት ነው። የሚያልፈው ግን አንድ ቡድን ነው። ናሆም ይህንን ሲያስረዳን ድምፁ ይቆራረጣል። ጋሽ ተካልኝ አሰቡና፣ ታዲያ ምን ችግር አለው፣ ዘንድሮ እኛ እንሂድ፣ ለከርሞ እነሱ ይሂዱ አሉ፤ ልክ እንደ ዕቁብ። እትዬ አስካለ፣ ዕቁብ ከሆነ ዕጣ ይውጣ አሉ። ሐጂ ሰይድ ከሁለቱም ሁለት ሁለት ልጅ ተውጣጥቶ ይሂድ አሉ። ሮቦቱስ ቢባሉ፣ እሱን ልጆቹ ይገጣጥሙት አሉ። በመሃል እትዬ አስካለ የጋሽ ተካልኝ ባለቤት የማኅበር ጓደኛ ሆነው ተገኙ። ከዚያማ ማን ሞተ፣ ማን ዳረ ተጀመረ። ናሆምን የሚያስታውሰው ጠፋ፤ ውጤት መጻፊያውን ታቅፎ መሃላችን ቆሟል።

ልጆቹን ዞር ብዬ አየሁ። የሁለቱም ቡድን ልጆች ሸራው ላይ በሆዳቸው ተኝተዋል። የጳውሎሶቹ አለቃ፣ መነጽር ያደረገ ልጅ፣ ማስመሪያ ይዞ የእንቁላልን ጎማ ይለካል። ሜሮን ትጽፋለች። ጠብ የለ፣ ኩርፊያ የለ። ምናልባት ሽማግሌ አላስፈለጋቸውም።

ሜሮን ተነስታ መጣች። እኔን አላየችኝም። ወደ ናሆም ሄዳ "ቲቸር፣ ጎማው ነክቷል፣ ለክተነዋል። መጀመሪያ ያልከው ይጻፍ" አለችው።

ጋሽ ተካልኝ ደነገጡ። ልጄ፣ የተበደልሽው አንቺ፣ የቆምነውም ላንቺ ነው አሏት። ሜሮን አንገቷን ደፍታ ነው የመለሰችው። "እኔ ማንንም አልተቀየምኩም፣ ጋሼ። ነጥቡ ነው ልክ ያልሆነው" አለች። ያልተቀየመን ሰው እስቲ ምን ብላችሁ ታስታርቁታላችሁ?

ናሆም ጻፈ። ወስዶም ግድግዳው ላይ ለጠፈው። የጳውሎሶቹ ልጆች አልጨፈሩም። መጥተው የእኛዎቹን ጨበጡ። ሐያት ቦርሳዋን ከፍታ ትርፍ ባትሪያቸውን ለባለመነጽሩ ሰጠችው፣ የእናንተ ቶሎ ይደክማል፣ ለከተማው ያስፈልጋችኋል ብላ። አባቷ ሐጂ ሰይድ ይህንን አይተው መሐረባቸውን አወጡ። እኔ ናሆም ጋ ሄጄ ይቅርታ አልኩት። ምንም አይደል አባቴ፣ ተለምዷል አለኝ። ይኼ "ተለምዷል" ያለው ነገር እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል።

ወደ ሽሮ ሜዳ ታክሲ ያዝን። ሜሮን መስኮቱ ጋ ተቀመጠች፣ እንቁላልን ጭኗ ላይ አድርጋ። ታክሲው ሲንቀሳቀስ ማልቀስ ጀመረች። ድምፅ የላትም፣ ትከሻዋ ብቻ ነው። አዳራሹ ውስጥ ጠብ ያላለ እንባ ነው። ስንቱን ባልና ሚስት ያስታረቅኩ ሰው ለገዛ ልጄ መሐረብ ፍለጋ ኪሴን በረበርኩ፣ የለም።

በመጨረሻ፣ ታዲያ ዝም ብትይ ኖሮ ምን ነበረበት፣ እሺ ብሎን ነበር እኮ አልኳት። አያችሁ፣ አሁንም አልተማርኩም። "እሺ ካለኝ ስህተቴን በምን አውቄ አስተካክለዋለሁ?" አለችኝ። ለካ እንቁላል መስመሩን የሚያይበትን ዓይን ከፍ አድርጋ ገጥማዋለች፣ ለዚያ ነው ሙሉ በሙሉ ሳይገባ ቀድሞ የቆመው። ከዚያ ዞር ብላ "አባዬ፣ አንተ ግን አላየኸውም?" አለችኝ።

ታክሲው ሞልቷል። ሰው ይሰማል። መዋሸት እችል ነበር። ግን ዓይን ለዓይን ተያየን።

"አይቼዋለሁ" አልኳት።

"አውቄያለሁ" አለች። ተቆጥታ አይደለም። እጇን እጄ ላይ ጣል አደረገችው። ያቺ እጅ በሙጫና በሽቦ የተላላጠች ናት። እኔ አፈርኩ፣ ደግሞም በሕይወቴ እንደዚያን ጊዜ ኮርቼ አላውቅም። ሁለቱ አብረው እንደሚሆኑ አላውቅም ነበር።

አባት ነኝና ነገሩን በምክር መዝጋት አለብኝ። ጉሮሮዬን ጠረግኩ። አይዞሽ ልጄ፣ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል አልኳት። ፊት ወንበር ያሉ ሴትዮ ዞረው በአድናቆት አዩኝ።

ሜሮን አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገችና ትንሽ አሰበችበት።

"እሱስ ልክ ነህ አባዬ" አለች፣ "ውጤቱ ግን ዛሬ ነው የተለጠፈው።"

ሴትዮዋ በሳቅ ፈረሱ። እኔ ምን እላለሁ? "ወራጅ አለ" አልኩ።