ጌታ ሺጌኦ ጉጠት ይዞ እጅ የነሣበት ቀን

በዘመነ ሺጌኦ፣ ጌታችን መጠጥ በተወ በሦስተኛው ዓመት፣ ወገቡን በያዘው በሁለተኛው፣ በወርኃ ኅዳር እንዲህ ሆነ። የኪዮቶው ሸክላ ሠሪ፣ የከሰል ጌታ፣ የጭቃ መስፍን ሺጌኦ አንዲት ጥቁር፣ ራኩ የምትባል፣ እንደጋለች በጉጠት የምትመዘዝ የሻይ ጽዋ ከእሳት ሊያወጣ ተነሣ፤ እህቶቿ ሁሉ ምድጃ ውስጥ ፈንድተው እሷ ብቻ በእግዚአብሔር ቸርነት ቀርታለችና። በየልደታቸው ወንድሙ ኦሳሙ በሠራው ጽዋ የሚጠጡት የሻይ ሥርዓት መምህርቷ እመት ኢኩኮም አስቀድመው እንዲህ ሲሉ አውጀው ነበር፦ «ዘንድሮ ደግሞ የሺጌኦን እንሞክረው እስቲ። ግን ተሰንጥቆ ኪሞኖዬ ላይ ካፈሰሰብኝ፣ ሁለተኛ በደጄ እንዳያልፍ!»

ሠራዊቱም ተከተለው፦ ወናፍ የምትነፋው ሚስቱ ፉሚኤ፣ ባልዲ ሙሉ ውኃ የያዘው አማቹ ታኩያ፣ እሳት ፈርታ ጣራ ላይ የወጣችው ድመትም።

ከሰሉ ጋመ፤ የጽዋዋም ቅብ ቀልጦ እንደ ማር አበራ፤ ጌታችንም ጉጠቱን ሰዶ ፍም የመሰለችውን ጽዋ መዝዞ ባወጣ ጊዜ፣ ከጎረቤት ሰገነት የአሮጊቷ የእመት ሴትሱኮ አዋጅ ተሰማ፦ «ሺጌኦ ሆይ! ፍራሼን ፀሐይ ባሰጣ ጭስ ታለብሰኛለህ? ትናንት ለሰፈሩ ሁሉ የስጦታ ፎጣ ይዘህ ለጭሱ ይቅርታ ስትል ውለህ፣ እኔስ ሰው አይደለሁም?»

እውነትም ረስቷቸዋል። እሳት ከመለኮሱ በፊት ቤት ለቤት መዞር ግድ ነውና ጌታችን አፈረ፤ አፍሮም፣ እናቱ ከልጅነቱ እንዳስለመደችው፣ የጋለችውን ጽዋ በጉጠት እንደያዘ ከወገቡ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ። ወገቡም እዚያው ተያዘ። ጉጠቱ ጽዋዋን ነከሰ፤ ገና ያልጠናችውም ጽዋ ወደ ፊት ዘመም አለች። ፉሚኤ ወናፉን ጥላ አወጀች፦ «አንተ ሰውዬ! መጀመሪያ አስቀምጣት፣ ከዚያ ስገድ!»

መሸ። ጽዋዋ እንደጎበጠች በረደች፤ ሌላ ደግሞ የለም።

በማግስቱ፣ በልደታቸው ቀን፣ ለእመት ኢኩኮ ሻይ ተሞልታ ቀረበች። ጠጡ፤ አንዲት ጠብታ አላፈሰሰችም። ከዚያ ሊመለከቷት ቢያዞሯት፣ እንደ ጨዋ ልጅ ወደ እሳቸው ጎንበስ ብላ አገኟት። እሳቸውም አጸፋውን ጎንበስ አሉላት፤ አዋጅም አስነገሩ፦ «ይቺ ልጅ ከአባቷ ይልቅ ሥርዓት ታውቃለች! ኦሳሙ የራሱን ይውሰድ። እሷ እኔ ዘንድ ትቀመጣለች።»

ክብር ለሺጌኦ፣ እሳትን ለደፈረ፣ ሴትሱኮን ለፈራ፣ የምሥራቹንም በሆዱ ተኝቶ ወገቡን እየታሸ ለሰማ! ፈጣሪ ወገቡን ያቅናለት፤ ጽዋዋን ግን እንደጎበጠች ይተዋት፤ አሜን።