የአጎቴ እንቅልፍና ሁለቱ መሣሪያዎች

የተኛ ሰው የት ነው ያለው? ራሳችሁን ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? ገላው አልጋው ላይ፣ ጫማው አልጋው ሥር፣ እሱ ግን የለም። ሆሳዕና ከተማ ላይ ጉም ሲወርድ፣ የባጃጁ ክላክስ ከሌላ ዓለም የሚመጣ ሲመስል፣ ቁጭ ባልኩበት ሐሳብ ይዞኝ ይሄዳል። «የት ሄደህ ነው?» ሲሉኝ መልስ የለኝም። ሳይንስ ግን «እኔ አለኝ» ብሎ መጣ።

አጎቴ ሸምሱ የዱራሜ መስመር ሚኒባስ ሹፌር ነው። መናኸሪያ ውስጥ መኪናው ላይ ወጥቶ ጆንያ ሲያስር ወደቀና ጭንቅላቱን ተመታ። የፅኑ ሕሙማን ክፍል አስገብተው፣ ጉሮሮው ውስጥ የመተንፈሻ ቱቦ ከትተው በመድኃኒት አስተኙት። መድኃኒቱ ከቆመ በኋላ ግን አልነቃ አለ።

ሐኪሟ ወጣት ናት። ለሙከራ የመጡ ሁለት የአንጎል መከታተያ መሣሪያዎች ነበሯት፤ አንዱ ግንባር ላይ ተለጥፎ ቁጥር ያሳያል፣ ሌላው በሽቦ ተተብትቦ ሞገድ ይስላል። የትኛው እንደሚሻል ለመመዘን ሁለቱንም አጎቴ ላይ ለማሰር ፈቃድ ጠየቀች። ዘመድ ሁሉ ግቢው ሣር ላይ ተቀምጦ መከረ። «የሚያስበውን ያወጣዋል እንዴ?» ሲል ወንድሙ ጠየቀ። እንደማያወጣ ሲነገረው በደንብ ተነፈሰ። ተፈቀደ።

መሣሪያዎቹ ግን አልተስማሙም። ባለ ቁጥሩ ጭልጥ ብሎ ተኝቷል ይላል፤ ባለ ሞገዱ እየነቃ ነው ይላል። መስመሩ ዝግ ብሎ ሲወጣ፣ ዝግ ብሎ ሲወርድ ሳይ አጎቴ ባዶ መኪናውን በጉም ውስጥ እየነዳ የሚሄድ መሰለኝ። በዚያው እንዳይቀር ፈራሁ።

«የቱ እውነት እንደሚናገር በምን ታውቂያለሽ?» አልኳት።

«በራሳቸው በሕመምተኛው ነዋ! በስማቸው እንጠራቸዋለን፤ ከነቁ ልክ የነበረው መሣሪያ ይለያል።»

ጠራችው። ነርሶቹም ጠሩት። ምንም የለም። ወደ ሚስቱ ወደ ዘይነባ ዞራ፣ «እማማ፣ የሚያውቁት ድምፅ ይሻላል፤ እርስዎ ይጥሯቸው» አለች።

ዘይነባ ጎንበስ ብላ «የከማል አባት» አለች።

«በስማቸው፣ እማማ።»

ጉዱ እዚህ ላይ ነው። በእኛ አገር በዘይነባ ዕድሜ ያለች ሴት ባሏን በስሙ አትጠራም፤ ነውር ነው። ወልዳ፣ አሳድጋ፣ ልጅ ድራ፣ ያን ስም አንድም ቀን ከአፏ አላወጣችውም። ሐኪሟን አየች፣ ባሏን አየች፣ ከዚያ እኔን።

«አንተ ፊትህን አዙር» አለችኝ።

አዞርኩ።

«ሸምሱ» ስትል ሰማኋት። ድምፅዋ የልጃገረድ ድምፅ ነበር። «ሸምሱ፣ ተነሥ። ብቻዬን አታስቀረኝ።»

ስዞር የባለ ሞገዱ መስመር ተተራምሷል፤ የአጎቴ ዓይን ገርበብ ብሏል። ባለ ቁጥሩ ዘግይቶ፣ ሁላችንም ማልቀስ ከጀመርን በኋላ አሻቀበ። ሐኪሟ በዚያው ከምርጫዋ ጣለችው፤ ፈትታ ጥግ ላይ አስቀመጠችው።

አጎቴ ቱቦው ከጉሮሮው እንደወጣለት መጀመሪያ የተናገረው ነገር፣ «በስሜ የጠራኝ ማነው?» የሚል ነበር።

ዘይነባ ሻሿን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ፣ ያን ምስኪን ባለ ቁጥሩን በጣቷ አሳየችው።

«ይሄ ነው» አለች።

አጎቴ መሣሪያውን ከላይ እስከ ታች ገላመጠውና «ባለጌ!» አለው፤ የሚስቱን እጅ ግን አልለቀቀም።