ባለቤት ያጣው የፊት ጥርስ

(ደቡብ ታይላንድ፣ የአንድ ገጠር ትምህርት ቤት የታክሮ ሜዳ፤ ታክሮ ኳስን በእግርና በግንባር ከመረብ በላይ የሚያሳልፉበት ጨዋታ ነው። የስፖርት አስተማሪው ክሩ (በታይኛ «መምህር») ፕራሶም የማያውቀው ነገር የለም፤ ካለም እስካሁን የነገረው ሰው የለም። ሠላሳ ሁለት ወንድ ተማሪዎችን ፀሐይ ላይ አሰልፎ አፍ ያስከፍታል። የጽዳት ሠራተኛው አጎት ቡንሉ ከመረቡ ሥር ያገኘውን የልጅ የፊት ጥርስ በኮኮናት ውስጥ ይዞ ይከተለዋል።)

ክሩ፦ ጥርስ ኮኮናት ውስጥ ይዘፈዘፋል እንዴ? ሾርባ ሊሠሩበት ነው?

ቡንሉ፦ የጤና ጣቢያዋ ነርስ ናት ያለችው። ወተት ከሌለ የኮኮናት ውሃ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ወደ ቦታው ከተመለሰ ይተርፋል፤ ከዘገየ አለቀለት። ሃያ ደቂቃ ሄዷል፣ ክሩ!

ክሩ፦ እንግዲያው አያዘግዩኛ! አፍህን ክፈት! ሙሉ ነው። እንዳትዘጋ! የሚቀጥለው!

ቡንሉ፦ ሴቶቹንስ አናይም?

ክሩ፦ (እየሳቀ) አጎቴ፣ ጥርሱን የሚሰብረው ወንድ ነው። ይሮጣል፣ ይጋጫል፣ ይደባደባል። ሴት ልጅ ከምን ጋር ትጋጫለች? ከመስታወት ጋር?

ቡንሉ፦ ሁሉም ወንድ ነው?

ክሩ፦ ከሦስት ሁለቱ! በጥናት!

ቡንሉ፦ ሦስተኛውስ ማነው?

ክሩ፦ ሦስተኛው... የቆጠራ ስህተት ነው። የሚቀጥለው! አሃ! ይኸው ጎደሎ! ያዝኩት!

ቡንሉ፦ ኧረ ክሩ፣ እሱ አንደኛ ክፍል ነው። የወተት ጥርሱን ባለፈው ሳምንት ጣራ ላይ ሲወረውር አይቼዋለሁ።

ክሩ፦ ቢሆንም ይሞከር!

ቡንሉ፦ ይህን ትልቅ ጥርስ ለእሱ? የአባቱን ጫማ እንደማጥለቅ እኮ ነው።

(የክሩ ልጅ ኩንግ አፏን በእጇ ሸፍና እጅጌውን ትጎትታለች።)

ክሩ፦ ኩንግዬ፣ አባባ ሥራ ላይ ነው። አፍሽን ዝጊና ጥላው ሥር ተቀመጪ!

ቡንሉ፦ ክሩ፣ ኩንግ እኮ...

ክሩ፦ ኩንግ ምን ሆነች? እሷ ጨዋ ልጅ ናት፤ ዕረፍት ላይ አበባ ነው የምትሰካው። የሚቀጥለው!

ቡንሉ፦ ክሩ፣ አርባ ደቂቃ...

ክሩ፦ አይቁጠሩብኝ! (ሰልፉ ያልቃል፤ ላቡን ይጠርጋል።) በቃ፣ የዚህ ትምህርት ቤት ጥርስ አይደለም። ከውጭ የመጣ ነው!

ቡንሉ፦ አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም።

ክሩ፦ አንድ ብቻ?

ቡንሉ፦ ወንዶቹን ሁሉ ክፈቱ ሲሉ፣ ኩንግን ለብቻዋ ዝጊ አሏት። ደም አፏ ላይ ስላየሁ እኔ ሕክምና መስሎኝ ነበር።

(ክሩ ዘወር ይላል። ኩንግ አፏን ትከፍታለች። ከፊት አንድ የለም።)

ክሩ፦ ልጄን! የትኛው ወንድ ነው? የትኛው ነው የመታሽ?

ኩንግ፦ ማንም። ኳሷን በግንባሬ ልመታ ስዘል ከምሰሶው ጋር ተጋጨሁ። ነጥቧ ግን የኛ ናት። (ዓይኗ እንባ ይሞላል።) አባባ፣ ጥርሴ ሊሞት ነው?

ክሩ፦ (ተንበርክኮ) አይሞትም የኔ እናት። አባባ ነው ጥፋተኛው። አጎቴ፣ ሞተሩን! ሞተሩን!

ቡንሉ፦ (ቀድሞ አስነስቷል) ጤና ጣቢያው አሥር ደቂቃ ነው፤ እንደርሳለን። ኩንግ፣ ኮኮናቱን አጥብቀሽ ያዢ።

ክሩ፦ እኔም ከኋላ ልፈናጠጥ!

ቡንሉ፦ እርስዎማ ይቆዩ። ሠላሳ ሁለት ልጅ እኮ ዝጋ የሚለው ጠፍቶ አፉን እንደከፈተ ነው።

(ክሩ ወደ ሰልፉ ያያል። አፉ ተከፍቶ ይቀራል።)

ቡንሉ፦ (እየነዳ) ሠላሳ ሦስት ሆናችሁ። ይዝጉት ክሩ፣ ዝንብ ይገባብዎታል!