ሰሎሜን ክው ያደረጋት ገጽ

«ልጄ ከዕድሜዋ በላይ የበሰለች ናት» እያለ አላፊ አግዳሚውን የሚያስቆም አባት አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ጅጅጋ ስሠራ አጋጥሞኛል፤ የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ ታደሰ ነው። የአሥራ አንድ ዓመት ልጁ ሰሎሜ ተረት ሰልችቷት «የሚያስፈራ መጽሐፍ አምጣልኝ» ብላዋለች።

ታዲያ እንዲህ ያለ አባት ዝም ብሎ ያመጣል? በፍጹም! የመንግሥት ሳንሱር እንኳ እንደ እሱ አይመረምርም። ከአዲስ አበባ ያስመጣውን የጋኔን ልብወለድ መጀመሪያ ራሱ አነበበው፤ ቀጥሎ ለእኔ ሰጠኝ። ከዚያ ቢሮ ዘግተን ተሰበሰብን። «ደሙ አልበዛም? ጥርሱስ?» ተባብለን፣ ተከራክረን፣ በስምምነት አሳለፍነው።

ሰሎሜ አንብባ በጨረሰች ዕለት ለምሳ ተጋብዤ ነበር። በአህያ ተጭኖ ከመጣው፣ በጀሪካን ከተገዛው ውሃ አንዷን ጣሳ ለሦስት ታጥበንባት ቀረብን።

«እህስ፣ ጋኔኑ አስፈራሽ?» አላት ታደሰ።

«ምኑ ያስፈራል አባዬ? ጥላ ያለው ጫካ ውስጥ፣ ወንዝ ዳር ነው የሚኖረው። ታድሎ!»

«ያ ሁሉ ዶፍ ዝናብስ?»

«ዝናቡማ ደስ ይላል። አንድ ቦታ ብቻ ክው አልኩ።»

ታደሰ ጉርሻውን መልሶ አስቀመጠ።

«ሴትዮዋ ጋኔኑን አይታ ስትሮጥ ቧንቧውን አልዘጋችውም። እስከ መጨረሻው ገጽ ጠበቅሁ፤ ማንም ተመልሶ አልዘጋውም!»

እኔና ታደሰ ተያየን። ስለ ደምና ስለ ጥርስ ያን ያህል ስንከራከር፣ ለልጅ የማይሆነውን ያንን ገጽ እንዴት አሳለፍነው?