ወረፋ የማያውቅ ሙሽራ

ሙህዲን፦ ማራገቢያውን ወደ ሰው አዙረው እንጂ!

ነጅሙዲን፦ አይዞርም።

ሙህዲን፦ ከዋጃ እስከ ቆቦ አቧራ ስውጥ ነው የመጣሁት። ላቤን ተመልከተው እስቲ።

ነጅሙዲን፦ አንተ ቢሞቅህ ውሃ ትጠጣለህ። ኮምፒውተሩ ምን ይጠጣ?

ሙህዲን፦ ሥራውን የሚሠራው ባሕር ማዶ ያለው ኮምፒውተር ነው ስትለኝ አልነበረም? ይሄኛው ምን አደከመው?

ነጅሙዲን፦ (ትንሽ ያስባል) ሲጠብቅ ይሞቀዋል።

(ቦታው ቆቦ ነው፤ ከዋናው መንገድ ዳር ያለ የአንድ የገበሬዎች ዩኒየን ቢሮ። ነጅሙዲን የቢሮው የዳታ ባለሙያ ነው። አዲስ አበባ ለሥልጠና ደርሶ ከመጣ ወዲህ የማያውቀው ነገር የለም፤ በግ ሲታረድ እንኳ አራጁን ያርማል። ሙህዲን ባጃጅ ነጂና አብሮ አደጉ ነው። ነገር ቶሎ አይገባውም ይሉታል፤ እሱም ይበሉኝ ብሎ ትቶታል።

ነጅሙዲን የዋጃዋን ራዊያን ወዷል። ባለፈው ሐሙስ አባቱ አሊ የቆቦ ሽማግሌዎች ልኮ አስጠየቀለት። የራዊያ አባትም እንደ ወጉ፣ "ከዘመድ እንመካከርበት፤ በሚቀጥለው ሐሙስ ተመለሱ" አሏቸው። ሰው የሆነ ሁሉ ይህን ሰምቶ ይጠብቃል። ነጅሙዲን ግን ዛሬ ማለዳ፣ ለአባቱ ትንፍሽ ሳይል፣ የእናቱን የሙሚናን ወንድሞች ከሮቢት በሙህዲን ባጃጅ አስጭኖ ለዚያችው ልጅ፣ ለዚያው አባት፣ ሌላ ሽማግሌ ላከ። ስለ ፊተኞቹ ለአጎቶቹም አልነገራቸውም። ሙህዲን አሁን መልሱን ይዞ መጥቷል። መልሱ ጉሮሮው ላይ ነው፤ ግን ማን ያስተነፍሰው!)

ሙህዲን፦ ነጅሙዲን፣ እንግዲህ ዋጃ ደርሰን...

ነጅሙዲን፦ ቆይ! መጀመሪያ ጥያቄዎቼን ልላክ። ከሰዓት አለቆች ይመጣሉ። የሮቢት ሽንኩርት መቼ ረከሰ? የዋጃ ፍየል መቼ ተወደደ? የቆቦ ማሽላ ምን ያህል ገባ? ይህን ሁሉ መልሼ ማቅረብ አለብኝ።

ሙህዲን፦ ማንን ነው የምትጠይቀው?

ነጅሙዲን፦ ባሕር ማዶ ባለው ኮምፒውተር፣ ክላውድ ላይ ያለውን ዳታቤዝ። የዓመታት የገበያ ዳታ እዚያ ተከማችቷል። ኤፒአይ የሚባል በር አለው፤ በዚያ በኩል ጥያቄ ታስገባለህ፣ በዚያው በኩል መልስ ትቀበላለህ።

ሙህዲን፦ አንድ በአንድ?

ነጅሙዲን፦ (ይስቃል) አንድ በአንድ የሚጠይቅማ ያልሠለጠነ ነው! ሁሉንም አስረህ በአንድ ጊዜ ትለቃለህ። ባች ይባላል። አንተ ሮቢት ስትሄድ አንድ ሰው ብቻ ጭነህ ትሄዳለህ?

ሙህዲን፦ ኧረ ምን በወጣኝ። እስኪሞላ እጠብቃለሁ።

ነጅሙዲን፦ እንደሱ በለው።

ሙህዲን፦ ትራፊክ ካለ ግን አንዱን አወርዳለሁ።

ነጅሙዲን፦ ክላውድ ላይ ትራፊክ የለም! (ቁልፉን እንደ ምስማር ይመታዋል) ሄደ!

ሙህዲን፦ መለሰ?

ነጅሙዲን፦ "ተቀብያለሁ፤ ወረፋ ላይ ነህ" ይላል። ቁጥርም ሰጥቶኛል።

ሙህዲን፦ አልሃምዱሊላህ። እስኪደርስህ የዋጃውን ላጫውትህ...

ነጅሙዲን፦ ቆይ! (ቁልፉን እንደገና ይመታል)

ሙህዲን፦ አሁን ምን አደረግህ?

ነጅሙዲን፦ ደገምኩለት።

ሙህዲን፦ ለምን?

ነጅሙዲን፦ ላይሰማ ይችላል።

ሙህዲን፦ ተቀብያለሁ ብሎህ የለም እንዴ?

ነጅሙዲን፦ እሱ የፈረንጅ ትህትና ነው። ሳይሰሙም ይሉታል።

ሙህዲን፦ ወፍጮ ቤት እኮ እህልህን ከተቀበሉ በኋላ ዝም ብለህ ነው የምትቀመጠው። ሌላ ጆንያ አምጥተህ አትቆልልበትም።

ነጅሙዲን፦ ክላውድን ከወፍጮ ጋር ታወዳድራለህ! ሙህዲን፣ አንተ ልጅ መቼ ነው የምትበስለው? ስማኝ፣ አንዴ የጠየቀ ሰው ጉዳዩ ቀላል ነው ይባላል። ደጋግሞ ሲጠይቅ፣ "ይሄ ሰውዬ የምር ፈልጓል" ይባልለታል። ለራዊያ አባት ሁለተኛ ሽማግሌ የላክሁት ለምን መሰለህ?

ሙህዲን፦ ስለሳቸው እኮ ነው ልነግርህ የ...

ነጅሙዲን፦ ጠዋት ያዘዝኩህን ፈጽመሃል?

ሙህዲን፦ "አጎቶቼን አድርስ፤ ከራስህ አንዲት ቃል እንዳትጨምር" ነበር ያልከኝ።

ነጅሙዲን፦ ታዲያ?

ሙህዲን፦ ወላሂ አፌን አልከፈትኩም። ሻይ ጠጣ ሲሉኝ እንኳ ራሴን ነው የነቀነቅሁት።

ነጅሙዲን፦ ጎበዝ! መልእክተኛ ማለት ይህ ነው። (ለሦስተኛ ጊዜ ይመታል) ይኸውልህ፣ አሁን ደግሞ ዳታቤዙ ይነቃል።

(ሙህዲን ቆቡን አውልቆ ያራግባል። ከዋጃ ጀምሮ ነገሩን እንዴት አለስልሼ ልንገረው እያለ ሲያሰላስል ነው የመጣው። የሚያለሰልስበት ጊዜ እንደማያገኝ ግን አሁን ገባው።)

ሙህዲን፦ አልሰጡም።

ነጅሙዲን፦ ይሰጣል፣ ትንሽ ጠብቅ፤ ሰርቨሩ...

ሙህዲን፦ ሰርቨሩን አይደለም። የራዊያ አባት። አልሰጥም አሉ።

(ነጅሙዲን እጁ አየር ላይ ይቀራል።)

ነጅሙዲን፦ ምን... ለእኔ?

ሙህዲን፦ አዎ።

ነጅሙዲን፦ ያ ረቢ! ሙህዲን፣ እኔ ያለሷ እንዴት አድርጌ ነው የምኖረው? ያን የእንስሳት መድኃኒት ቤቷን ስንት ቀን ተመላልሼበታለሁ! አንዲት ፍየል ሳይኖረኝ ስንት የፍየል መድኃኒት ገዛሁ! አልጋዬ ሥር ሞልቶልሃል። "ስንት ፍየል አለህ?" ስትለኝ ደንግጬ "ቆጥሬ እመጣለሁ" ብያታለሁ። ለምን? ለምን አልሰጡም?

ሙህዲን፦ ከእኛ በፊት ሌላ ቤት አስጠይቋል አሉ።

ነጅሙዲን፦ ሌላ! ሌላ ቤት! እኔ እያለሁ?

ሙህዲን፦ "ሁለት ቤት ለአንዲት ልጅ መጣብኝ። ለአንዱ ብሰጥ ሌላው ይቀየመኛል፤ ነገ ልጆቹ መንገድ ላይ ተገናኝተው ቢጋደሉ ደሙ የኔ ነው። ስለዚህ ለሁለቱም አልሰጥም" አሉ።

ነጅሙዲን፦ ተበላሁ! ማን ነው ደፋሩ?

ሙህዲን፦ እሱን ነው እኮ ልነግርህ...

ነጅሙዲን፦ አትንገረኝ፣ አውቄዋለሁ! ያ የአላማጣው ሾፌር ነው።

ሙህዲን፦ አይደለም።

ነጅሙዲን፦ መምህሩ! ያ ፀጉሩን የሚቀባው!

ሙህዲን፦ አይደለም። የቢሮ ልጅ ነው አሉ።

ነጅሙዲን፦ የቢሮ ልጅ! ቱ! አጎቶቼስ ይህን ሰምተው ዝም አሉ?

ሙህዲን፦ አጎቶችህ ዝም ይላሉ? አንተን ስምህን ሳይጠሩ "የእህታችን ልጅ የአፈር ልጅ ነው፤ ሮቢት መስኖ ዳር ሽንኩርት ይተክላል፣ ከብት ያውቃል" ብለው ነበር ያቀረቡህ።

ነጅሙዲን፦ እኔ ሽንኩርት የማውቀው ኮምፒውተር ላይ ነው!

ሙህዲን፦ እኔም ገርሞኝ ነበር፤ ግን አንዲት ቃል አትጨምር ብለኸኝ የለ? ከዚያ ያኛው የቢሮ ልጅ ነው ሲባሉ ተነሡበት።

ነጅሙዲን፦ የእናቴ ወንድሞች! ምን አሉት?

ሙህዲን፦ "ወንበር ላይ ተቀምጦ ሲያረጅ የሚውል" አሉት።

ነጅሙዲን፦ ደግ አሉት! ጨምር።

ሙህዲን፦ "ዶማ ቢያሲዙት በየትኛው በኩል እንደሚቆፍር አያውቅም።"

ነጅሙዲን፦ (ጠረጴዛውን እየመታ) አይ የእናቴ ወንድሞች! ጨምር፣ ጨምር!

ሙህዲን፦ "የቢሮ ሰው ነገር ያውቃል ሲሉት ያምናል፤ የሰው ወሬ አያስጨርስም" አሉት።

ነጅሙዲን፦ እንዲህ ዓይነቱን ሰው አልወድም! የራዊያ አባትስ ምን አሉ?

ሙህዲን፦ እሳቸውም ሳቁ። "እውነታችሁን ነው፤ ልጄም አጫውታኛለች" አሉ። "ያ የቢሮ ልጅ አንዲት ፍየል ሳይኖረው የፍየል መድኃኒት ሲገዛ ይከርማል" አሉ።

ነጅሙዲን፦ (ከወንበሩ ሊወድቅ ይስቃል) ፍየል ሳይኖረው! ምን ዓይነት ሞኝ ነው ፍየል ሳይኖረው...

(ሳቁ ነዳጅ እንዳለቀበት ባጃጅ ጥቂት ተንገጫግጮ ይቆማል።)

ነጅሙዲን፦ ምን ይገዛል አልክ?

ሙህዲን፦ የፍየል መድኃኒት።

ነጅሙዲን፦ እኔም እኮ እገዛለሁ።

ሙህዲን፦ አውቃለሁ።

ነጅሙዲን፦ እና ያ ፊተኛው... የቢሮው ልጅ...

ሙህዲን፦ የቆቦ ልጅ ነው አሉ። ሐሙስ ዕለት የቆቦ ሽማግሌዎች ጠይቀውለት የሄዱት።

ነጅሙዲን፦ እሱ እኔ ነኛ!

ሙህዲን፦ አዎ።

ነጅሙዲን፦ የዛሬውስ?

ሙህዲን፦ እሱም አንተ ነህ። ሁለታችሁም አንተ ናችሁ።

(ከውጭ የአንድ ሚኒባስ ረዳት "ዋጃ፣ ዋጃ፣ የሞላ!" እያለ ይጣራል፤ ለነጅሙዲን ስድብ ሆኖ ይሰማዋል።)

ነጅሙዲን፦ የአባቴ ሰዎች የተማረ ነው አሉ፣ የእናቴ ሰዎች ገበሬ ነው አሉ፣ እኔ በእኔ ተበለጥኩ!

ሙህዲን፦ አልተበለጥክም። እኩል ወጣችሁ።

ነጅሙዲን፦ ታዲያ አንተ ቁጭ ብለህ ስትሰማ "አንድ ሰው ነው" አትልም? ምን ዓይነት ጓደኛ ነህ?

ሙህዲን፦ አንዲት ቃል እንዳትጨምር ያለኝስ ማን ነው?

ነጅሙዲን፦ ሞኝ! የምታውቀውን እያየህ ዝም ትላለህ? አሁኑኑ ባጃጅህን አስነሣና ሄደህ ንገራቸው!

ሙህዲን፦ ነግሬያቸዋለሁ።

ነጅሙዲን፦ ምን?

ሙህዲን፦ አጎቶችህ ዙህር ሊሰግዱ ሲወጡ ተመልሼ ገባሁ። መልእክትህን አድርሼ ጨርሼ ነበር፤ ያኛው የራሴ ነው። "ሁለቱም አንድ ልጅ ነው፤ ክፋት የለውም፣ መጠበቅ ነው የማያውቀው" አልኳቸው።

ነጅሙዲን፦ (እጁን ይዞት) ሙህዲን ወንድሜ! ምን አሉህ?

ሙህዲን፦ ብዙ ሳቁ። ከዚያ አዘኑ። "ሁለት ሰው ቢጣላ እናስታርቃለን፤ ከራሱ ጋር የሚሻማን ሰው ግን ከማን ጋር ነው የምናስታርቀው?" አሉ።

ነጅሙዲን፦ አለቀልኝ በለኛ።

ሙህዲን፦ አላለቀም። "ማሽላው እስኪታጨድ ድረስ አንድ ሽማግሌ ወይ አንድ ስልክ ከሱ ዘንድ ከመጣ፣ ቀረ። ዝም ብሎ ከጠበቀ ግን መልሱን ራሷ ራዊያ ትሰጠዋለች" አሉ።

ነጅሙዲን፦ ማሽላው ገና ዘለላ እንኳ አላወጣም!

ሙህዲን፦ እሱ እሳቸውንም አልጠፋቸውም።

ነጅሙዲን፦ እሷስ? ራዊያስ ምንም አላለችም?

ሙህዲን፦ ስወጣ በር ላይ ጠብቃኝ፣ "ፍየሎቹን ቆጥሮ ጨረሰ?" አለችኝ።

ነጅሙዲን፦ እየሳቀች ነው ወይስ ተናዳ?

ሙህዲን፦ እየሳቀች።

(ነጅሙዲን ፊቱ በራ። ወዲያው ስልኩን ከኪሱ መዘዘ። ሙህዲን ሳይናገር እጁን ዘረጋ፤ ነጅሙዲንም እያቃሰተ ስልኩን አስረከበው።)

ሙህዲን፦ ያ ኮምፒውተርህስ ምን አለ?

ነጅሙዲን፦ (ስክሪኑን ያያል፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ) "አንድ ዓይነት ጥያቄ ደጋግመህ ልከሃል። የፊተኛው እየተሠራ ነው፤ የቀሩት ታግደዋል። እባክህ ጠብቅ" ይላል።

ሙህዲን፦ የራዊያ አባት ደውለውለት ነው።

(ነጅሙዲን አልሳቀም። ተነሥቶ ማራገቢያውን ወደ ሙህዲን አዞረና እጆቹን ጭኑ ሥር ቀብሮ ተቀመጠ። ለእሱ ከባድ ሥራ ነበር፤ ላቡ ተንቆረቆረ። ጥቂት እንደቆዩ ስክሪኑ ላይ የሽንኩርቱ፣ የፍየሉና የማሽላው መልስ ተራ በተራ ይደረደር ጀመር።)

ነጅሙዲን፦ መጣ! ሙህዲን፣ ዝም ስንለው መጣ!

ሙህዲን፦ አየህ? ራዊያም እንደሱ ናት።

ነጅሙዲን፦ እውነትህን ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ! ከእንግዲህ ነጅሙዲን ሌላ ሰው ነው።

ሙህዲን፦ ሦስተኛ እንዳትጨምርብን።

(ማራገቢያው ይንሾካሾካል።)

ነጅሙዲን፦ ሙህዲን?

ሙህዲን፦ ወይ።

ነጅሙዲን፦ የዋጃ ማሽላ ብዙውን ጊዜ መቼ ነው የሚታጨደው?

ሙህዲን፦ አልደውልላቸውም።

ነጅሙዲን፦ ማን ደውል አለህ? እሳቸውን መቼ ጠየቅሁ? የየዓመቱ አጨዳ ዳታቤዙ ውስጥ አለ። አንዲት ጥያቄ ብቻ፣ ልኬ ዝም! (ቁልፉን በጣቱ ጫፍ ዳሰስ አድርጎ ይመለሳል) ይኸው። ተማርኩ አይደል?

(ሙህዲን ላቡን ሊጠርግ ዞር ይላል። ከኋላው ቀጭን የቁልፍ ድምፅ ይሰማል።)

ሙህዲን፦ ስንቴ ላክኸው?

ነጅሙዲን፦ አንዴ።

ሙህዲን፦ ነጅሙዲን!

ነጅሙዲን፦ ...ሁለቴ።