የሙሚናን ሰላምታ የበላሁበት ዓመት

ዓመቱ 1991 ነበር። በልጉ ቀረ፤ ክረምቱ ግን በጊዜው ገብቶ የጨፋን ሜዳ አረጠበው።

ዝም የሚል ሰው ስታዩ ምን ታስባላችሁ? የእኛ አገር ሰው ወይ ቂመኛ ነው ይላል፣ ወይ አዋቂ ነው ይላል። እኔ ላይ የወደቀው ሁለተኛው ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ከሰው ጋር ካወራሁት ከበሬዎቼ ጋር ያወራሁት ይበልጣል። ስብሰባ ላይ ከኋላ እቀመጣለሁ፤ እጄን አላወጣም፤ ሲያጨበጭቡ አጨበጭባለሁ። ሰዉም "አያ ይመር ዝም ያለው ቢያውቅ ነው" እያለ ያከብረኛል። እውነቱን ልንገራችሁ? አብዛኛውን ጊዜ ዝም የምለው የምናገረው ስለሌለኝ ነው። ሌላውን ጊዜ ደግሞ ስለማፍር። ይህን የሚያውቁት አላህና ሚስቴ ዘምዘም ብቻ ነበሩ፤ አሁን እናንተም አወቃችሁ።

ያን ዓመት በሰሜን ጦርነት ነበር። ከቀበሌያችንም ብዙ ጎልማሶች ዘምተዋል። ሊቀመንበሩ ሰበሰበንና "የዘማች ቤተሰብ የሚደግፍ፣ የሚያማክር አንድ ሰው ምረጡ" አለን። ሥራው ማሳቸው ጦም እንዳያድር አራሽ በተራ ማሰለፍ፣ ጠብ ሲነሳ ማብረድ፣ የተጨነቀውን ማጽናናት፣ ከሁሉም በላይ ከግንባር የሚመጣውን ደብዳቤ ማንበብና መልሱን መጻፍ ነው። ሰዉ ሁሉ ዞሮ እኔን አየ። በጃንሆይ ጊዜ እስከ አራተኛ ክፍል ተምሬአለሁ፤ ፊደል አውቃለሁ። ልጆቻችን በቁቤ፣ በኦሮምኛው ፊደል፣ ስለሚማሩ በአማርኛ የተጻፈ ደብዳቤ ገና አይዘልቁትም። ደግሞም ምስጢር አላወጣም።

"የእሱ አፍ ይታመናል" አለ አንዱ።

"ምን ይታመናል ትላለህ፣ የተሰፋ ነው እንጂ!" አለ ሌላው።

ተሳቀ፣ ተጨበጨበ። እኔም እንደ ልማዴ አጨበጨብሁ። ለራሴ ሹመት ማጨብጨቤ የገባኝ ቤቴ ስደርስ ነው።

ዘምዘም ስትሰማ የያዘችውን ሰፌድ አስቀመጠች። "አማካሪ? አንተ? ትናንት ወጡ ጨው አነሰው ለማለት ሦስት ጊዜ ጉሮሮህን የጠረግህ ሰውዬ?"

መልስ አልሰጠኋትም። ዝም ማለት የሚጠቅምባቸው ጊዜዎችም አሉ።

ማሳ ማሳረሱ አልከበደኝም። የማንን በሬ ከማን በሬ ጋር እንደማጠምድ አውቃለሁ፤ በተራው ያልመጣውን ደጁ ሄጄ ቆሜ ካየሁት ሳልናገር ይመጣል። ማጽናናቱንም ተለማመድሁት። እገባለሁ፣ "አካም ጅርቱ" ብዬ እቀመጣለሁ፣ "አላህ ያውቃል፣ አይዟችሁ" እላለሁ፣ እወጣለሁ። ያዋረደኝ ደብዳቤው ነው።

ሰይድ የሚባል የጎረቤቴ ልጅ ዘምቶ ነበር። ሚስቱን ሙሚናን ከሰንበቴ ከተማ አምጥቶ ካገባት ሁለት ዓመቱ ነው፤ ልጅ ገና አልወለዱም። የተዋት ከእናቱ ከእመት ሐዋ ጋር ነው። ሙሚና አማርኛ የምትናገረው ገበያ ላይ ለዋጋ ያህል ነው፤ እናትየውም እንዲሁ። ሰይድ ራሱ መጻፍ ስለማይችል ጓደኛው በአማርኛ ይጽፍለታል፤ እኔ አንብቤ በኦሮምኛ እነግራቸዋለሁ።

የመጀመሪያው ደብዳቤ ሲመጣ መደባቸው ላይ ተቀምጬ ጀመርሁ። ሰላምታው ለእናት፣ ለዘመድ፣ ለጎረቤት በየተራ ወረደ። ስለ በሬው ጠየቀ። ከዚያ "ለዓይኔ ማረፊያ ለሙሚና" የሚል መጣና ዓይኔ ቀድሞ ወደ ታች ሮጠ። ፊቴ ጋለ። እስቲ ፍረዱኝ። ጢሜ የሸበተ ሰው ነኝ። በእኛ ዘንድ ባል እንኳ እናቱ ፊት የሚስቱን ስም አቆላምጦ አይጠራም። እኔ ታዲያ አማቷ ተቀምጣ የሰው ሚስት ዓይን ዓይን እያየሁ "ናፍቀሽኛል፣ ስምሽን እየጠራሁ አድራለሁ" ልበል? በኦሮምኛ ፍቅር "ጃለላ" ይባላል። ይህ ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም።

አሳልሁና ዘለልሁት። "ደህና ነኝ ይላል። በሬው እንዳይከሳ ይላል።"

እመት ሐዋ ግን ዓይነ ስውር አይደለችም። "ይህ ሁሉ ወረቀት ለበሬው ብቻ ነው?" አለችኝ።

ጨነቀኝ። ሲጨንቀኝ ምን እንዳደረግሁ ስነግራችሁ ዛሬም አንገቴን እደፋለሁ። የሙሚናን ለእናትየው ሰጠኋት። "እናቴ ናፍቃኛለች፣ እሷን እያሰብሁ እንቅልፍ አጣለሁ ይላል" አልሁ። እመት ሐዋ አለቀሰች፤ ልጇን መረቀች፤ እኔንም መረቀች። ሙሚና መሬት መሬቱን አየች። ነውር የሸፈንሁ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ወጣሁ።

በዓመቱ ውስጥ ስምንት ደብዳቤ መጣ። ስምንቱንም እንዲሁ አነበብሁ። መልሱን የምታስጽፈኝ እናትየው ናት። ሰይድ በአምስተኛው "ሙሚና ለምን አትመልስልኝም? ተቀይማኛለች?" ሲል ጻፈ። በስምንተኛው "ዝም ካለች ሌላ ሰው አይታ ይሆናል፣ እውነቱን ንገሩኝ" አለ። ይህንም አይቼ ዘለልሁት። መጀመሪያ የዘለልሁት አፍሬ ነበር፤ ኋላ ግን የዘለልሁት መጀመሪያ መዝለሌ እንዳይታወቅብኝ ነው።

እመት ሐዋ በሰው ሰላምታ ወፈረች። ውኃ መቅጃው ጋም፣ ለቅሶ ቤትም፣ "ልጄ ከእኔ በቀር ሰው የለውም" ትላለች። ሙሚናንም "አንቺንማ ረስቶሻል፣ የምን ልጅ ወለድሽለትና ያስታውስሽ" እንዳለቻት በጆሮዬ ሰማሁ። የሴቶች ነገር ነው ብዬ አለፍሁ።

ማሽላው ተቆርጦ አውድማ ላይ ሳለን ሙሚና ብቻዋን መጣች። ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛለች።

"አያ ይመር፣ ደብዳቤ ጻፍልኝ።"

"ለሰይድ?"

"ለሰይድ። ፍታኝ በለው።"

ላይዳዬን መሬት ላይ ተከልሁና አየኋት።

"በሬውን ስምንት ጊዜ ጠየቀ" አለች። "ስምንት! እኔን አንድ ጊዜ አልጠየቀኝም። ወላሂ፣ ሞታ ይሆን ብሎ እንኳ አልጠየቀም። እሑድ ለሰንበቴ ገበያ ከሚወርዱት ጋር ወደ አባቴ ቤት እሄዳለሁ። እሱ የፍቺውን ቃል ብቻ ይላክልኝ።"

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። ሦስት ቃል ይበቃ ነበር። እኔ ግን ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ጻፍሁ። አንድም ቃል አልዘለልሁም! የሙሚናን ናፍቆት ስምንት ጊዜ የቆረጠ እጅ ፍቺዋን ሲጽፍ ጽሕፈቱ አማረለት።

ደብዳቤውን ይዤ ወደ ግንባር የሚልከው ቢሮ ወዳለበት ወደ ከሚሴ ሄድሁ። ቢሮው ደጃፍ ደረስሁ። በር ላይ ቆሜ ሰይድን አሰብሁት፤ ማንበብ ስለማይችል ጓደኛው ምሽግ ውስጥ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሊያነብለት ነው። ያ ሰው ደግሞ እንደ እኔ አይዘልም። ተመለስሁ።

ለዘምዘም ነገርኋት። ስጨርስ ብድግ አለች።

"ሌላው እህል ይሰርቃል፤ ከብት ይሰርቃል። የሰው ናፍቆት የሚሰርቅ እንዳንተ ያለ አይቼ አላውቅም!"

"አፍሬ ነው" አልኋት።

"አሁንስ?"

"አሁንም አፍሬአለሁ።"

"እንግዲያው እንዳፈርህ ሂድ። እፍረቱ እስኪለቅህ ብትጠብቅ ልጅቷ ነገ ሰንበቴ ናት።"

ቅዳሜ እኩለ ቀን ነበር። እነ ሙሚና ቤት ስደርስ ልብሷን በነጠላ ቋጥራ በሩ አጠገብ አስቀምጣለች። እመት ሐዋ ጥግ ተቀምጣ ማሽላ ትለቅማለች። አልተቀመጥሁም።

"ሙሚና፣ ስምንቱንም ደብዳቤ አምጪ። እመት ሐዋ፣ አፉ ይበሉኝ። ያነበብሁላችሁ ልክ አልነበረም። እንቅልፍ አጣ ያልሁዎ፣ ናፈቁት ያልሁዎ፣ የአንቱ አልነበረም። የእሷ ነው።"

ሙሚና ደብዳቤዎቹን ከሳጥን አውጥታ ሰጠችኝ። ቆሜ በኦሮምኛ አነበብሁ። "ለዓይኔ ማረፊያ ለሙሚና። ምሽጋችን ዝናብ ሲገባበት የጨፋ ሮቢት ገበያ ዕለት ያሰርሽው ቢጫ ሻሽ ትዝ ይለኛል። ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል ያየሁሽ በእሱ ነው። ስምሽን ስጠራ ጓደኞቼ ይስቁብኛል፣ ይሳቁ። አልወለደችም የሚልሽ ቢኖር አትስሚ፤ እኔ ያገባሁት አንቺን ብዬ ነው።" ጃለላ የምልበት ቦታ ስደርስ ድምፄ ተሰበረ፤ ግን አልሁት። ለምን አትመልሽልኝም የሚለውንም አነበብሁ። ሌላ አይታ ይሆናል የሚለውንም አነበብሁ። ላቤ ወረቀቱ ላይ ይንጠባጠብ ነበር።

ስጨርስ እመት ሐዋ እጇ ማሽላው ውስጥ እንደገባ ቀርቷል።

"ለእኔ ምንም አላለም?"

"ብሏል። ለሙሚና ነው ያለው። 'እናቴን አደራ፣ ወገቧን ያማታል፣ ውኃ አንቺ ቅጂላት፣ ብትቆጣሽም ቻያት' ይላል። ይህንም ዘልዬው ነበር።"

"ይህ ይበቃኝ ነበር" አለች። ያን ቀን የሰማሁት ነገር ሁሉ አንድ ላይ ቢሆን እንደዚህች ቃል አይከብድም።

ሙሚና አላለቀሰችም፤ አላመሰገነችኝም፤ አልሰደበችኝም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። እጇን ዘረጋችና "ያን ወረቀት ካልላክኸው ስጠኝ" አለችኝ። ፍቺውን ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋት። ቀደደችው። ሌላ ወረቀት አምጥታ ፊቴ አስቀመጠች።

"ጻፍ። አንድ ቃል ብትዘል አላህ ይይህ።"

ጻፍሁ። ምን እንዳለችው አልነግራችሁም፤ ምስጢር አያወጣም ተብዬ የተመረጥሁት ለእንዲህ ያለው ነው። ጆሮዬ ግን ቤቴ እስክገባ አልበረደም። ሰኞ ጠዋት ከሚሴ ሄጄ ደብዳቤውን በእጄ አስረከብሁ። እሑድ ከዚያ ቤት ማንም ሰንበቴ አልወረደም።

ከዚያ ወዲያ ሥራውን ልተው አሰብሁ። ሊቀመንበሩ ዘንድ ሄጄ ሌላ ሰው ፈልጉ ልል ተነሳሁ። መንገድ ላይ ቆጠርሁት። የማነብላቸው ቤቶች ሰባት ናቸው፤ ሚስት ባለችበት ሁሉ አስያለሁ፤ ሁሉም ቤት ዘልያለሁ። ብወርድ የሚተካኝ ሰው የሚቀጥለውን ደብዳቤ ያነብላቸዋል፤ ያለፈውን ግን ማን ያነብላቸዋል? የዘለልሁትን የማውቀው እኔ ነኝ። አልተውም ብዬ ወሰንሁ። በየቤቱ ዞሬ እንደገና ላነብ ወሰንሁ።

ከማን ልጀምር የሚለው ብዙ አላስቸገረኝም። ከሰባቱ አንዷ ዘሃራ ናት። ባሏ እንደማይመለስ የቆሰለ ጓደኛው መጥቶ ካረዳን ወር አልሞላትም። መርዶውን ከተናገርነው ሽማግሌዎች አንዱ እኔ ነኝ፤ ያን ጊዜም ያልሁት "አላህ ያጽናሽ" ብቻ ነው። አራት ደብዳቤ አላት። የሌሎቹ ባሎች ኢንሻ አላህ ተመልሰው እኔ የዋጥሁትን በአፋቸው ይነግሯቸዋል። የእሷን የሚነግር የቀረሁት እኔ ነኝ።

በማግስቱ ዙሁር ሰግጄ ሄድሁ። በር ላይ ስታየኝ ደነገጠች፤ ሌላ መርዶ የመጣባት መሰላት። "የለም" አልኋት፣ "የበደልሁሽ ነገር አለ። ደብዳቤዎቹን አምጪልኝ።" አመጣች። የመጀመሪያውን ዘረጋሁና ከስሟ ጀመርሁ።