ለሰፊው ሕዝብ ሰፊ መንገድ

ጠባብ መንገድን የሚያማ ሰው ብቻውን ኖሮ አያውቅም። እስኪ አስቡት፤ በጠባብ መንገድ የተገናኙ ሁለት ሰዎች አንዱ ካልቆመ ሌላው አያልፍም። ከቆሙ አይቀር ሰላምታ አለ፤ የኛ የራያ ሰላምታ ደግሞ ልጁን፣ ላሙን፣ ማሽላውን፣ ዝናቡን ሳይጠይቅ አያበቃም። ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ከሰው ጋር የማወራው እሱን ብቻ ነበር።

ከቆቦ ከተማ ተነስቶ ወንዝ ዳር ወዳለው ደን የሚወስደው መንገድ በደጄ ያልፋል፤ ግራና ቀኙ ቁልቋል ነው። በየገበያው ቀን ጦይባ፣ እንደኔው ሞት ብቻዋን ያስቀራት ሴት፣ አህያዋን እየነዳች ስትመጣ እኔም በአጋጣሚ ብቅ እላለሁ። አጋጣሚውን ከንጋት ጀምሮ ነበር የምጠብቀው። ቁልቋሉ ጀርባዬን እየወጋኝ ጥግ ይዤ እቆማለሁ፤ አህያዋ ታልፋለች፤ እሷ ግን ቶሎ አታልፍም።

ደርግ ደኑን ከባላባቱ ወስዶ የሕዝብ መናፈሻ ሲያደርገው፣ ለእግረኛውም ለግመሉም ለጋሪውም የሚበቃ መንገድ በዘመቻ ይጠረግ ተባለ። የገበሬ ማኅበሩም ለስብሰባ ጠራን። እኔ ሆዬ፣ ጦይባ እሾህ ሳይነካት ትለፍ ብዬ ተነሳሁና "ለሰፊው ሕዝብ ጠባብ መንገድ አይመጥነውም!" አልኩ። አቤት ጭብጨባ! ሞቅ ሲለኝ "የተጫኑ አራት ግመሎች ጎን ለጎን ይለፉበት!" ብዬ ጨመርኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

ጦይባ ከሴቶቹ መሐል ብድግ አለች።

"እኔስ ጠባቡ ይስማማኛል" አለች፣ እኔን እያየች።

ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። በዚያ ዘመን "ጠባብ" መባል ተራ ስድብ አልነበረም፣ ያሳስር ነበር። ላድናት ብዬ "ሳይገባት ነው፣ ጓዶች!" አልኩ። ያልገባው ማን እንደሆነ እናንተ ቀድማችሁኝ አውቃችኋል። እሷም ተቀመጠች።

መንገዱ ተሠራ። የደጄን ቁልቋል የመነጠርኩት በገዛ እጄ ነው። ከዚያ ወዲያ አላፊ አግዳሚው ማዶ ለማዶ እጁን እያነሳ ይሄድ ጀመር፤ ጦይባም በወዲያኛው ዳር። ቤቴ ጭር አለ። እንዲያው ከፋኝ።

አንድ የገበያ ቀን አላስችል ቢለኝ "ጦይባ! ያን ቀን ስብሰባው ላይ ምን ማለትሽ ነበር?" ብዬ ጮህኩ። መሐላችን ላይ የከብት መንጋ አቧራውን ያጨሰዋል።

እጇን ጆሮዋ ላይ አድርጋ "ሩቅ ነዎት አንቱ፣ አይሰማም!" አለች።

ተሻግረህ አትጠይቃትም ወይ ትሉኝ ይሆናል። ከብቱ እስኪያልፍ ስጠብቅ እሷ አለፈች።